የሦስት ወር የእርግዝና መከላከያ መርፌ ቀጠሮዬ አልፎብኛል፤ ጤና ጣቢያው ደግሞ «አልቋል» አለኝ። እባካችሁ ምን ላድርግ? (ሐዋሳ)

ጠያቂዋ፣ መስከረም 19 ማታ፦
እህቶቼ፣ የምታውቁ እባካችሁ በቶሎ መልሱልኝ። ዛሬ ከፈረቃ እንደወጣሁ ቤት ሳልገባ በሰፈራችን ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ባለሙያዋ መርፌው ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ማለቁን፣ ቢኖርም እንኳ ቀጠሮዬ ስላለፈ የወር አበባዬ ሳይመጣ ልትወጋኝ እንደማትችል ነግራ መለሰችኝ። የእኔ የወር አበባ ግን ከቀረ ወራት አልፈዋል። ከዚያ ወጥቼ አንድ የግል ክሊኒክ ስጠይቅ፣ ለካርድ፣ ለሽንት ምርመራና ለመርፌው ደምረው የነገሩኝ ዋጋ በእጄ ካለው ገንዘብ እጥፍ ሆነብኝ። ለመስቀል ለእናቴ ብር ስለላክሁ ደመወዝ እስኪገባ የቀረኝ 300 ብር ነው፤ የልጄም ወተት የሚገዛው ከእሱ ነው። አርግዤ ይሆን? ነገ ወዴት ልሂድ?

የፓርኩ ልጅ፦
እህቴ፣ አትጨነቂ። ከፋርማሲ ፖስትፒል (ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እንክብል) ገዝተሽ ዛሬውኑ ዋጪ። እኔም ቀኑ ያለፈብኝ ጊዜ ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ ምንም አልሆንሁም።

ጡረተኛ መምህርት፦
ልጄ፣ ስትጨነቂ ማየት አልወድም፤ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ደግሞ ኅሊናዬ አያርፍም። እኔ አራት ልጆች ወልጃለሁ፤ ሁለቱን የወለድሁት አስቤና አቅጄ ሲሆን ሁለቱ ግን የመጡት እንደ አንቺው ቀን ቆጥሬ ሳልጨርስ ነው። ሁሉንም እወዳቸዋለሁ፤ ያም ሆኖ ሦስተኛዋ በተወለደች ዓመት ማስተማሬን አቋርጬ ስለነበር የቤቱ ኑሮ እንዴት እንደከበደን አልረሳውም። የቀጠሮ ካርድ እንደ መታወቂያ የሚጠበቅ ነገር ነው። ቀኑን በበሩ ጀርባ ጻፊው፤ ለባልሽም ንገሪው፤ ስልክሽም ላይ ከሳምንት በፊት እንዲያስታውስሽ አድርጊ። በእኛ ጊዜ ይህን የሚነግረን አልነበረም፤ ዛሬ ግን በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለች። እሷን ታውቂያታለሽ? የማታውቂያት ከሆነ ነገውኑ ተዋወቂያት።

ነርስ ነኝ፦
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ጥቂት ነገር ልጠይቅሽ፤ ያለ እነዚህ መልስ ብሰጥሽ በግምት መናገር ይሆንብኛል። መርፌውን ለመጨረሻ ጊዜ የተወጋሽው በየትኛው ቀን ነው? የሦስት ወሩ መሆኑን እርግጠኛ ነሽ? የሁለት ወርም መርፌ ስላለ ነው የምጠይቅሽ። ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው? ትጠባለች? የምትወስጂው ሌላ መድኃኒት፣ በተለይ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት አለ? ይህን እስክትመልሺልኝ ድረስ ለፖስትፒል ገንዘብ አታውጪ።

የአቶቴ እናት፦
እኔም ፖስትፒል ትውሰድ ባይ ነኝ። ከመውለድ መዋጥ ይሻላል።

ጠያቂዋ፦
ሳልጽፈው ቀርቼ ይቅርታ፤ ሁሉም የሚያውቀው መስሎኝ ነበር። ካርዴ በሱሪ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ታጥቦ አብዛኛው ጽሑፍ ጠፍቷል፤ ሆኖም ወደ ብርሃን አቅርቤ ሳየው «ሰኔ 8» የሚለው የእስክሪብቶ ጥላ ይታያል። የሦስት ወሩ ነው፤ ስወስደው ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 8 ሦስት ወር ብዬ ስለቆጠርሁ ያለፈብኝ 11 ቀን ነው። በዚያ ሳምንት ደግሞ ትርፍ ሰዓት ስለነበረብን ፈቃድ መጠየቅ አልቻልሁም። ልጄ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ጡት ትታለች። የምወስደው ሌላ መድኃኒት የለም። ባለቤቴ ዲላ ስለሚሠራ በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል፤ ለመስቀል መጥቶ ነበር።

ነርስ ነኝ፦
አመሰግናለሁ፤ አሁን መቁጠር እንችላለን። የሦስት ወር መርፌ የሚቆጠረው በ13 ሳምንት፣ ማለትም በ91 ቀን ነው። ከሰኔ 8 እስከ ሰኔ 30 ድረስ 22 ቀን፣ ሐምሌ 30፣ ነሐሴ 30 ሲደመር 82 ይሆናል። ከዚያ አንቺ የዘለልሻት ጳጉሜን አለች፤ አምስቱ ቀኖቿ ሲጨመሩ 87 ይሆናል። ስለዚህ 91ኛው ቀን የዋለው መስከረም 8 ሳይሆን መስከረም 4 ነው፤ ዛሬ 106ኛ ቀንሽ ስለሆነ የዘገየሽውም 15 ቀን ነው። ይህን የማነሳው ልወቅስሽ አይደለም፤ በክረምት የሚወጉ ብዙ ሴቶች በዚህች በአምስት ቀን ምክንያት ሲሳሳቱ ስለማይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እንደሚለው፣ የሦስት ወሩን መርፌ የምትወስድ ሴት ከቀጠሮዋ እስከ 4 ሳምንት ብትዘገይም ያለ ተጨማሪ መከላከያ ቀጣዩን መርፌ መውሰድ ትችላለች፤ የመድኃኒቱ ኃይል በቀጠሮው ቀን እንደ መብራት ድርግም ብሎ አይጠፋምና። በአንቺ ቀን ስንቆጥር ይህ ጊዜ የሚያበቃው ጥቅምት 2 ላይ ነው። 13 ቀን አለሽ፤ ያ ማለት ግን ተኚበት ማለት አይደለም። ለመስቀል የተገናኛችሁትም በዚሁ ጊዜ ውስጥ ስለሆነ ፖስትፒል አያስፈልግሽም። እሱ ጥበቃ ከሌለው ግንኙነት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ግፋ ቢል በ5 ቀን ውስጥ የሚወሰድ ነው፤ በቶሎ ሲወሰድም የበለጠ ይሠራል። ቀጠሮ ያለፈበትን መርፌ አይተካም።

የወር አበባሽ መቅረትም ብቻውን የእርግዝና ምልክት አይደለም። ይህን መርፌ ዓመት ያህል ከሚወስዱት ሴቶች ግማሽ ያህሉ የወር አበባቸው ይቀራል። «ሲመጣ ነይ» መባልሽ ስለዚህ ልክ አይደለም፤ ላይመጣ የሚችልን ነገር እንድትጠብቂ ማድረግ ነው። ባለሙያዋ ጥርጣሬ ካላት የሽንት ምርመራ አድርጋ መወሰን ትችላለች።

የአቶቴ እናት፦
የወር አበባው የማይመጣ ከሆነ ታዲያ ደሙ ወዴት ይሄዳል? እኔ መርፌውን ያቆምሁት ሆዴ ውስጥ እየተጠራቀመ ነው ብለው ስላስፈራሩኝ ነው።

ነርስ ነኝ፦
አይጠራቀምም፣ እናቴ። የወር አበባ የሚሆነው ማሕፀን በየወሩ ውስጡን አወፍሮ ሲያራግፈው ነው፤ መርፌው ያ ግድግዳ እንዳይወፍር ስለሚያደርግ የሚራገፍ ነገር አይኖርም።

አንድ አባወራ፦
በሴቶች ጉዳይ ገብቼ እንደሆነ ይቅርታ ይደረግልኝ። እህታችን መርፌውን እስኪያገኙ ድረስ ባለቤትዎ ከመጡ ኮንዶም ቢጠቀሙ ልብዎ ያርፋል፤ ጤና ጣቢያዎች በነጻ ይሰጣሉ። ካፈሩ ደግሞ ባልዎን ይላኩት። እኔ ለባለቤቴ ሄጄ አምጥቻለሁ፤ ምንም አልጎደለብኝም።

የቀድሞ የፈረቃ ሠራተኛ፦
የአንድ ጤና ጣቢያ መርፌ አለቀ ማለት የከተማው አለቀ ማለት አይደለም። እኔ በእንዲህ ያለ ቀን የሄድሁት አዳሬ ሆስፒታል ነበር፤ ካርድ ክፍል «ለቤተሰብ ምጣኔ ነው የመጣሁት» ስላቸው ሳልከፍል አስገቡኝ። በመንግሥት ጤና ተቋም የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት ነጻ ስለሆነ ገንዘብ ቢጠይቁሽ ለምን እንደሆነ ጠይቂ። በሌላ ክፍለ ከተማ ወዳለ ጤና ጣቢያም መሄድ ትችያለሽ። ለባጃጅ እንዳትከስሪ ግን የሚያውቅ ሰው በስልክ አስጠይቂ፤ እኔ አንዴ ሦስት ቦታ ዞሬ ለትራንስፖርት ያወጣሁት ከመርፌው ዋጋ በልጦብኛል። የመንግሥቱ ካልተገኘ የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር እና ሜሪ ስቶፕስ (አሁን ኤምኤስአይ) በሐዋሳም ክሊኒክ አላቸው፤ ስትሄጂ ያለሽን ብር በግልጽ ተናገሪ። የፋብሪካችሁ ክሊኒክ ነርስ ካለችም ከሁሉ በፊት እሷን ጠይቂ፤ እሷ ጋር የሚሄደው የሻይ ሰዓትሽ ብቻ ነው።

ከአዳማ፦
ሁላችሁም የምትነጋገሩት መርፌው ከየት ይገኛል በሚለው ላይ ነው። እኔ ግን ጥያቄው ራሱ መለወጥ አለበት እላለሁ። ፈቃድ ለማግኘት የምትቸገር፣ በፈረቃ የምትሠራ፣ ገንዘብ የሚያጥራት ሴት በዓመት አራት ጊዜ ለምን ቀጠሮ ትጠብቃለች? ቀን እየተሳተ በሚወሰድበት በእውነተኛው ኑሮ መርፌ ከሚወስዱ 100 ሴቶች ወደ 4 የሚሆኑት በዓመት ውስጥ ያረግዛሉ። በክንድ የሚቀበረው መከላከያ ግን አንዴ ከገባ የሚረሳ ቀን የለውም፤ አንድ ዘንጓ ኢምፕላኖን 3 ዓመት፣ ሁለት ዘንጉ ጃዴል 5 ዓመት ያገለግላል። እሱም በመንግሥት ጤና ጣቢያ ነጻ ነው።

እኔ አዳማ ውስጥ ሳስገባ በጣም ፈርቼ ነበር። ግራ ክንዴን አጥፌ ጭንቅላቴ አጠገብ አስተኛችኝና ማደንዘዣ ወጋችኝ፤ ያመመኝ የእሱ ቁንጥጫ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ሲገፋኝ ተሰማኝ እንጂ አልቆረጠኝም። በፋሻ ጠቅልላ ሰደደችኝ። ለጥቂት ቀን ልጄን በቀኝ እጄ አቀፍሁ፣ ክንዴም ትንሽ በለዘ። አሁን በጣቴ ስነካው እንደ ክብሪት እንጨት ያለ ነገር ከቆዳዬ ስር ይሰማኛል፤ እዚያው መኖሩን ሳረጋግጥ ደስ ይለኛል።

የፓርኩ ልጅ፦
እኔ የክንዱን እፈራዋለሁ። ወደ ልብ ሄደ ሲባል ሰምቻለሁ፣ መካን ያደርጋልም ይላሉ።

ነርስ ነኝ፦
በትክክል ከቆዳ ስር ከተቀበረ እዚያው ይቀመጣል፤ በእጅ ዳሰሽ ታገኚዋለሽ። በዳሰሳ ካልተገኘ ግን ዝም አይባልም፤ ለመረመረሽ ባለሙያ ወዲያውኑ መናገር ነው። መካንነትን በተመለከተ ደግሞ ነገሩ ሰዎች እንደሚያወሩት አይደለም፤ ሲወጣ ማርገዝ ቶሎ የሚመለሰው በክንዱ ነው። የሚያዘገየው መርፌው ነው፤ ካቆሙት በኋላ ለማርገዝ ከመጨረሻው መርፌ ጀምሮ 10 ወር ያህል ሊወስድ ይችላል፤ እሱም ቢሆን መካን አያደርግም። ለጠያቂያችን ይህን መናገር ያስፈልጋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ልጅ ታስብ እንደሆነ አላውቅምና።

ከአዳማ የጻፈችውን እህት እደግፋለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የክንዱ የወር አበባን ያዛባል፤ አንዳንዷን ጠብ ጠብ እያለ ለሳምንታት ያሰለቻታል፤ ይህን ሳትሰማ የገባላት ሴት በሁለተኛው ወር አውጡልኝ ብላ ትመጣለች። ስትመጣም ሊወጣላት ይገባል፤ ማስገባቱ ነጻ እንደሆነ ሁሉ ማስወጣቱም በመንግሥት ተቋም ነጻ ነው፤ «ጊዜው ሳይደርስ አናወጣም» የሚላት ሰው ሊኖር አይገባም። ለሳንባ ነቀርሳ ሪፋምፒሲን የምትወስድ ሴት ግን የክንዱንም እንክብሉንም ኃይል ስለሚቀንስባት ለእሷ መርፌው ወይም ሉፕ (ማሕፀን ውስጥ የሚቀመጠው) ይሻላል።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እስካሁን ስተነፍስ የነበረው በግማሽ ሳንባ ነበር። ሁለተኛ ልጅ እንፈልጋለን፤ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የቤት ኪራዩ ሲቀለን ነው። ስለ ክንዱ ከባለቤቴ ጋር ሳልነጋገር አልወስንም፤ ጥሩ ሰው ነው፣ ነገር ግን የእናቱን ቃል ይሰማል። ለአሁኑ መርፌውን መውሰድ እመርጣለሁ። ከሰኞ ጀምሮ የከሰዓት ፈረቃ ስለሆንሁ ጠዋት ነጻ ነኝ። ያችው ባለሙያ «የወር አበባሽ ይምጣ» ብትለኝ ምን ብዬ ልመልስላት? ከሰው ጋር መከራከር አልችልም።

ነርስ ነኝ፦
መከራከር የለብሽም። ካርድሽን አሳዪአትና በለስላሳ ቃል እንዲህ በያት፦ «እህቴ፣ የተወጋሁት ሰኔ 8 ነው፤ ቀጠሮዬ መስከረም 4 ነበር፤ አራት ሳምንት አልሞላኝም፤ ብትጠራጠሪ ሽንቴን መርምሪኝ»። በቀን የተቆጠረ ነገር ስትሰማ አብዛኛዋ ባለሙያ መመሪያውን ከፍታ ታያለች። እምቢ ካለችሽ የክፍሉን ኃላፊ ጠይቂ። አዲስ ካርድም አጽፊ፤ የሚቀጥለውን ቀጠሮ እስከ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ መወጋት ስለምትችይ፣ ከፈረቃሽ ጋር በሚስማማው ሳምንት እንድትጽፍልሽ ጠይቂያት።

ጡረተኛ መምህርት፦
ልጄ፣ ካርዱን በላስቲክ ሸፍኚው። ባልሽ ሲመጣ ደግሞ አብራችሁ ሂዱ፤ ከእናቱ ቃል ይልቅ የባለሙያዋን በጆሮው ቢሰማ ይሻላል።

የቀድሞ የፈረቃ ሠራተኛ፣ መስከረም 23፦
እህቴ፣ ተሳካልሽ? የትኛው ጤና ጣቢያ መርፌው እንዳለው ብትነግሪን ለእኛም ይጠቅመናል፤ በእኛ ሰፈር ሁለት ልጆች እየጠየቁኝ ነው።

ከአለታ ወንዶ፣ መስከረም 27፦
ጠያቂዋን እየጠበቅሁ ነበር። እኔም ጥያቄ አለኝ፤ ኢምፕላኖኔ 3 ዓመት የሞላው ባለፈው ነሐሴ ነው፤ እስካሁን አላወጣሁትም። ወደ ሐዋሳ መምጣት አለብኝ ወይስ እዚሁ ጤና ጣቢያ ያወጡልኛል?

ነርስ ነኝ፦
እዚያው ጤና ጣቢያ ጠይቂ፤ ያስገባልሽ ተቋም ባይሆንም ያወጣልሻል፤ በዚያው ቀን አዲስ ልታስገቢም ትችያለሽ። እስክትሄጂ ድረስ ኮንዶም ተጠቀሚ። የሐዋሳዋ እህታችንን ግን እኔም እየጠበቅኋት ነው።