የአየርላንድ ገጠር እንቆቅልሽ የሚያውቅ አለ?

የኮርኳ
ኮርክ ውስጥ አረጋውያንን በመንከባከብ ነው የምተዳደረው። ከማያቸው አንዱ የኬሪ ገጠር ሰው ናቸው። ብዙውን ጊዜ ዝም ይላሉ፤ እንቆቅልሽ ሲጠይቁኝ ግን ፊታቸው ይፈካል። ዛሬ «እግሯ ረጅም፣ ጭኗ ቆልማማ፣ ራሷ ትንሽ፣ ዓይን የላት» አሉኝ። ወፍ አልኩ፣ ፌንጣ አልኩ፤ አይደለም። አገር ሰጥቼ እንዳልገላገል ጨዋታችንን አያውቁት። መልሱን የምታውቁ ንገሩኝ፤ በተራዬ የምጠይቃቸውም ጨምሩልኝ።

ባለ ጎልዌይ
እህቴ፣ የምድጃ መቆንጠጫ ነው። በድሮው የገጠር ቤት እሳቱ የሚነደው ወለሉ ላይ ነው፤ ማገዶው ደግሞ ከረግረግ መሬት ተቆርጦ በነፋስና በፀሐይ የደረቀ አፈር ነው። እሱን የሚያነሱበትና የሚያገላብጡበት ረጅም ብረት ከምድጃው ጥግ አይጠፋም። ሁለት ረጃጅም እግር፣ ጎበጥ ያለ ጭን፣ እግሮቹ ከላይ የሚገናኙበት ትንሽ ራስ አለው። ያላየው ሰው ከየት ያመጣዋል?

ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ መልሱ ከጠያቂው ዓይን ሥር ነው። «ቤት ሙሉ፣ ጓዳ ሙሉ፣ አንድ ማንኪያ ግን አይያዝ» ጭስ ነው። «ሞልቶም ሌላ የሚይዝ» ድንች የሞላው ድስት ነው፤ ውሃ ይጨመርበታላ! እኔ አብልጬ የምወደው ግን «እንደ ፖም ክብ፣ እንደ ኩባያ ጥልቅ፣ የንጉሥ ፈረስ ሁሉ ቢጎትት የማያወጣው» የሚለውን ነው። የውሃ ጉድጓድ።

ደብተር
ከ1937 እስከ 1939 እ.ኤ.አ. የአየርላንድ ፎክሎር ኮሚሽን ወደ 5,000 በሚጠጉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ልጆች ከአያቶቻቸውና ከጎረቤት የሰሙትን በደብተር እንዲጽፉ አድርጎ ነበር። እንቆቅልሽ በብዛት አለበት። ዛሬ «ዱኻስ» በተባለው ድረ ገጽ በነፃ ይነበባል፤ በየአውራጃውና በየትምህርት ቤቱ ተለይቶ ስለተቀመጠ የትውልድ ሰፈራቸውን ጠይቂያቸው። የሚያውቋቸው ሰዎች በልጅነታቸው የጻፉት ሊገኝ ይችላል። የእጅ ጽሑፉ ራሱ ፎቶ ተነሥቷል፤ አትመሽ ብታሳያቸው እንዴት ደስ ይላቸው ነበር!

የኮርኳ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! «መቆንጠጫ» ስላቸው እጃቸውን አጨበጨቡ፤ ወዲያው ሌላ አመጡ፦ «አራት ቋሚ፣ አራት ተንጠልጣይ፣ ሁለት ተመልካች፣ ሁለት ጠማማ፣ አንድ ተወዛዋዥ።» ላም ስትታለብ እያየሁ ያደግኩ ሰው ይሄ እንዴት ይጠፋኛል? ሳይጨርሱ መለስኩ። ነገ የድስቱን እጠይቃቸዋለሁ፤ የትምህርት ቤታቸውንም ስም።