«የማይጠቀስ ጥናት አልተሠራም ማለት ነው» ይባላል እንዴ?

የከዚራው፦ አቦ ስሙኝማ። ቅዳሜ ሀረር አንድ ስብሰባ ላይ ስለሚጥል በሽታ ተመራማሪዎች ወሬ ተነስቶ አንዱ መምህር «የማይጠቀስ ጥናት አልተሠራም ማለት ነው» አለ፣ ሌሎች ተመራማሪዎች በጽሑፋቸው ካልጠቀሱት ማለቱ ነው፣ ሰውም አጨበጨበለት። እኔ እስካሁን ደሜ አልበረደም። የሰው የዕድሜ ልክ ድካም ጥናት ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ በሚቆጥረው ጉግል ስኮላር ላይ ባለች ቁጥር ነው የሚመዘነው?

ጀጎል 5፦ እኔም እዛው ነበርኩ፣ ቆርጠህ አታውራ። ያወራው ስለ ማዕረግ እድገት ነው። ሁለት ሰው ለአንድ ቦታ ሲወዳደር በምን ልትለይ ነው፣ በዝምድና? ኤች ኢንዴክሱ 40 የሆነ ሰው እያንዳንዳቸው ቢያንስ 40 ጊዜ የተጠቀሱ 40 ፔፐሮች አሉት፣ ይሄ በልመና አይመጣም። ኳንና ብሮዲ የሚባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጅ 2000 ያወጡትን እይ፣ ግላስጎው ላይ 525 ታካሚ ተከታትለው 63 በመቶው በሽታው መጣሉን እንደተወው፣ የመጀመሪያው መድኃኒት ያልያዘለት ግን በኋላም እንደሚከብደው አሳዩ። የነርቭ ሐኪሞች ዛሬም በሱ ይመራሉ። ለምን? ስለተጠቀሰ።

የከዚራው፦ ስለጠቀመ ነው የተጠቀሰው እንጂ! ነገሩን ገለበጥከው። ፌኖባርቢታል ለሚጥል በሽታ እንደሚሆን ሐውፕትማን የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በፈረንጅ 1912 ነው ያሳየው። የእህቴ ልጅ በየማታው ትውጠዋለች፣ የሐውፕትማንን ስም ግን ሰምታ አታውቅም። አልተሠራም በላ!

ቀፊራ ማዶ፦ ሌላም ነገር አለ። ብዙ የሚጠቀሰው እኮ ትርጉምና ምደባ የሚያወጣው ወረቀት ነው። በፈረንጅ 2014 የወጣውን የሚጥል በሽታ ትርጉም የሚጽፍ ሁሉ መግቢያው ላይ ያስገባዋል፣ ግዴታው ነው። ገጠር ገብቶ ቤት ለቤት የቆጠረ ሰው ግን በዛ አይወዳደርም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቹ ቡታጅራ ላይ ከ1000 ሰው 5.2 በሽታው እንዳለበት ባያሳዩ ስለኛ ገጠር በምን እናወራ ነበር?

ጀጎል 5፦ ራስህ አሁን ጠቀስከው! እሱን ነው የምላችሁ። ቡታጅራ ስለተጠቀሰ ነው አንተ ድሬ ተቀምጠህ 5.2 የምትለው።

ቀፊራ ማዶ፦ የኔ አፍ ስኮላር ላይ አይቆጠርም ወንድሜ። እኔ የምጠይቀው «አልተሠራም» ያለውን ነው። «አልታወቀም» ቢል ዝም እል ነበር።

ነርስ ነኝ፦ ይቅርታ ልግባ። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ከገጠር ልጇን ይዛ መጣች፣ ጣለውና ምድጃ ላይ ወደቀ፣ ክንዱ እስከ ክርኑ ተቃጥሏል። እዛው የነበሩ ሰዎች ይተላለፍብናል ብለው አልነኩትም፣ ክብሪት ለኩሰው ጭሱን ሊያሸቱት ነው የሮጡት። እናትየው ከመስክ ሮጣ እስክትደርስ እሳቱ ላይ ነበር። በትንፋሽም በለሀጭም አይተላለፍም፣ በእናታችሁ ለጎረቤት ንገሩ። ሲጥለው ከእሳት አርቁት፣ በጎን አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ።

ሳቢያን ሰፈር፦ ክብሪቱን ግን አያቴም ታደርገው ነበር፣ ወላሂ ይነቃ ነበር።

ነርስ ነኝ፦ አብዛኛው ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ በራሱ ይተዋል የኔ ወንድም፣ ክብሪቱ አይደለም ያነቃው።

ሳቢያን ሰፈር፦ አያቴን ውሸታም ልትያት ነው?

ነርስ ነኝ፦ አላልኩም። ጨንቋት ያደረገችው ነው፣ የኔም እናት ታደርገው ነበር።

ጀጎል 5፦ ወደ ነገራችን። የዓለም ጤና ድርጅት 50 ሚሊዮን ሰው በሽታው አለበት፣ 80 በመቶ የሚጠጋው እንደኛ ባለ አገር ነው፣ በትክክል ቢታከም 70 በመቶ ድረስ መጣሉ ሊቀርለት ይችላል የሚለው ከየት አምጥቶ ነው? ከተጠቀሰ ጥናት። በጀት የሚለቅ ሰው የሚያየው እሱን ነው፣ የከዚራው ንዴት አይደለም።

የከዚራው፦ ታዲያ 80 በመቶው እዚህ ከሆነ 80 በመቶው ጥናት ለምን እዚህ አልሆነም? ቁጥሩን ሰጠሃቸው፣ መጠቀሱን እነሱ ወሰዱት። የእህቴን ልጅ መድኃኒት ባለፈው ወር ድሬ አጥተን በአውቶቡስ ከአዲስ አበባ ነው ያስላክነው።

ቀፊራ ማዶ፦ አንዳንዱ ፔፐር ደግሞ በዶላር ካልከፈልክ አይከፈትም። ያልተነበበ በምን ይጠቀሳል?

ጀጎል 5፦ እሱ ሌላ ጥያቄ ነው።

ቀፊራ ማዶ፦ አንድ ነው! «አልተሠራም» ላለው ሰውዬ አድርስልኝ።

ጀጎል 5፦ ራስህ ሀረር ውጣና ንገረው፣ አንድ ሰዓት መንገድ ነው።

ነርስ ነኝ፦ የልጁ ፋሻ ነገ ይቀየራል። እናትየው ክኒኑን ማታ ማታ እየሰጠችው እንደሆነ እጠይቃታለሁ፣ ባለፈው ለአሥራ አምስት ቀን ብቻ ነው የሰጠናት።