አስቸኳይ! ሲቪዬ እነሱ ጋ ሲከፈት አይነበብም አሉኝ፣ እስከ 11 ሰዓት ነው ያለኝ

መላ_አጣሁ፦ ሰላም ጓዶች፣ ቶሎ ድረሱልኝ። ለሒሳብ ሠራተኛ ክፍት ቦታ ትናንት ማታ ሲቪ ልኬ ነበር። አሁን ከሰው ኃይል ክፍል «የላኩት ፋይል ሊነበብ ስላልቻለ እስከ 11 ሰዓት አስተካክለው ይላኩ» የሚል መልስ መጣ። እኔ ጋ ሲከፈት ምንም አልሆነም፣ እንዲያውም በጣም ያምራል። ምን ላድርግ?

ፈጣኑ_መልስ፦ ፒዲኤፍ አድርገህ ላክ። አለቀ።

ቀልድ_አዋቂ፦ አንተ ጋ የሚያምር ከሆነ ራስህን ቅጠርና ገላግለን ሃሃሃ

ጋሽ_ምክሩ፦ የዛሬ ልጆች የማመልከቻው ቀን ሊያልቅ ሲል ነው የምትነሡት። በእኛ ጊዜ ማመልከቻ በእጅ ተጽፎ፣ ሦስት ጊዜ ተነቦ ነበር የሚገባው። ሰው ሥራ ሲፈልግ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት።

መላ_አጣሁ፦ ልክ ነዎት ጋሼ፣ ግን ሰዓቱ እየሄደ ነው። በወርድ ነው የሠራሁት፣ በአማርኛ። አሁን በስልክ ነኝ።

ፊደል_ቆጣሪ፦ ይኼን መጀመሪያ ብትል ኖሮ! ፎንቱ ከድሮዎቹ ከሆነ በሽታው እሱ ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚግባቡበት የፊደል ኮድ ነው) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ የድሮዎቹ ፎንቶች የእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ላይ የእኛን ቅርጽ ነው የሚያስቀምጡት። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ሲከፍተው ምልክትና የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ያሳያል። ስልክህ ላይ ፒዲኤፍ ብታደርገውም ያው ነው፣ ፎንቱ ስልክህም ላይ የለም። የጻፍክበት ኮምፒውተር ጋ ሂድና እዚያው ወደ ፒዲኤፍ ቀይረው፤ ፎንቱ አብሮ ይታሸጋል።

ፈጣኑ_መልስ፦ ፒዲኤፍ ብያለሁ እኮ።

ቀጣሪዋ፦ ቆይ፣ ሁላችሁም ፎንት ነው ብላችሁ ደመደማችሁ። እኔን ያስጠረጠረኝ «በጣም ያምራል» ያለው ነው። ባለ ሁለት ዓምድ፣ ግራው ቀለም የተቀባ ቴምፕሌት ነው አይደል? አመልካች የምመርጥ ሰው ነኝ። በመጀመሪያው ዙር ሲቪ አላነብም፣ ገረፍ አድርጌ ነው የማልፈው፦ መጨረሻ የት ሠራ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ምን ሠራ። ይኼን ፍለጋ ገጹን የምዞር ከሆነ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። መጀመሪያ በሶፍትዌር የሚያስነብቡ ድርጅቶችም አሉ፤ ሶፍትዌሩ ሁለቱን ዓምዶች ሊያደባልቅ፣ ሄደር (የገጹ ራስጌ) ውስጥ ያስገባኸውን ስልክ ቁጥር ጭራሽ ሊዘል ይችላል። ከመላክህ በፊት ፒዲኤፉን ክፈትና ሁሉንም ኮፒ አድርገህ ኖትፓድ (ተራ የጽሑፍ መጻፊያው) ላይ ለጥፈው። ተራውን ጠብቆ ከተነበበ ላክ።

ፊደል_ቆጣሪ፦ እህቴ ትክክል ነሽ፣ ግን በድሮ ፎንት ከሆነ ፒዲኤፉ ለዓይን ይነበባል እንጂ ኮፒ ሲደረግ ዝባዝንኬ ነው። ጊዜ ካለው በዩኒኮድ እንደገና መተየቡ ይሻላል።

መላ_አጣሁ፦ አዎ ባለ ሁለት ዓምድ ነው። ጎኑ ላይ «ኤክሴል 90 በመቶ» የሚል ባርም አለው።

ቀጣሪዋ፦ የቀረው 10 በመቶ ምንድን ነው ብዬ ኢንተርቪው ላይ ብጠይቅህስ? አውጣው። «የሦስት ቅርንጫፎችን የባንክ ሒሳብ በየወሩ በኤክሴል አስታርቅ ነበር» ዓይነት መስመር ግን ያስቆመኛል፤ የሠራኸውን ብቻ ጻፍ ታዲያ። «ታታሪና በቡድን መሥራት የሚችል» ሁሉም ይጽፋል፣ ዓይኔም አያርፍበትም። ስትልክ አዲስ ኢሜይል አትክፈት፣ የጻፉልህ ላይ መልስ ስጥ። የፋይሉ ስም ያንተ ስምና የሥራ መደቡ ይሁን። «ሲቪ የመጨረሻ 2» የሚል ፋይል አውርጄ የማን እንደሆነ ስፈልግ የምውልበት ቀን አለ።

ቀልድ_አዋቂ፦ የኔ «የመጨረሻ የመጨረሻ 7» ነው

እኔስ_ምን_ልበል፦ ቀጣሪዋ ካለሽ አይቀር፣ ልጅ ሳሳድግ ሁለት ዓመት ሥራ ላይ አልነበርኩም። እንዴት ልጻፈው?

ቀጣሪዋ፦ በአንድ መስመር፣ ከነወሩ፣ «ልጅ በማሳደግ ላይ» ብለሽ። ክፍተት እኔን አያስደነግጠኝም። ክፍተቱን ለመሸፈን የተለጠጠ ቀን ግን የቀድሞ መሥሪያ ቤትሽን ስንጠይቅ ይወጣል፣ ያኔ ሌላው ያልሽው ሁሉ ያጠራጥረኛል።

ጋሽ_ምክሩ፦ እኔም ያልኩት ይኼንኑ ነው፣ አስቀድሞ መዘጋጀት።

ፈጣኑ_መልስ፦ 11 ሰዓት አለፈ። ልጁ ላከ?

ዝም_ብዬ_የማነብ፦ ይኼ የኖትፓዱ ነገር በስልክ ይሆናል?

ፊደል_ቆጣሪ፦ ይሆናል። ለራስህ መልእክት የምትጽፍ አስመስለህ እዚያ ለጥፈው።