ማህበሬ ኮንግረስ ሄደሽ ሎቢ አድርጊ እያለኝ ነው፣ ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

ሰብለ_ሬዚደንት፦

ሰላም እንዴት ናችሁ። አሜሪካ የኢንተርናል ሜዲሲን (የውስጥ ደዌ) 3ኛ ዓመት ሬዚደንት ነኝ፣ ስፔሻላይዝ እያደረግኩ ማለት ነው፣ በጄ1 (የጊዜያዊ ልውውጥ) ቪዛ ነው ያለሁት። የስፔሻሊቲያችን ማህበር በየዓመቱ አባላቱን ዋሽንግተን ዲሲ ይወስዳል፣ አንድ ቀን ስልጠና ነው፣ በማግስቱ የስቴታችን የኮንግረስ አባላት ቢሮ እየዞርን እነዚህን ህጎች ደግፉልን እንላለን ማለት ነው። ዘንድሮ ፕሮግራማችን ውስጥ እኔን መረጡኝ። ኢሜሉ ላይ ሁለት ጥያቄ ነው ያለው፣ አንዱ የሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግስት የጤና መድን) የሐኪም ክፍያ እንዳይቀነስ፣ ሁለተኛው የኢንሹራንስ ፕራየር ኦተራይዜሽን፣ ማለትም ከህክምናው በፊት ከኢንሹራንሱ የሚጠየቀው ፈቃድ፣ እንዲቀል። ከስር ደሞ ለፓክ (ለምርጫ እጩዎች ገንዘብ የሚሰጥ የማህበሩ ፈንድ) አዋጡ የሚል ሊንክ አለ።

እውነቱን ልንገራችሁ ግራ ገብቶኛል። እኔ ባደግኩበት ባለስልጣን ቢሮ ሄዶ ጉዳይ ማስጨረስ ሲባል ወይ ደጅ ጥናት ነው ወይ እጅ መንሻ ነው፣ እና ሐኪም ነጭ ጋውን ለብሶ ለራሱ ክፍያ ሲከራከር ሳስበው ይከብደኛል። በሌላ በኩል ግን ባለፈው ወር አንድ የልብ ድካም ታካሚዬ መድሃኒቱን ኢንሹራንሱ አልፈቅድም ብሎ 9 ቀን ሲጠብቅ እግሩ አብጦ ትንፋሹ አጥሮ ተመልሶ ተኛብኝ። በነዛ 9 ቀናት 4 ጊዜ ደውያለሁ፣ አንዴ 50 ደቂቃ ሙዚቃ ሲያሰሙኝ ቆይተው ስልኩ ተቋረጠ። ይሄንን የሚሰማ ሰው እዛ ካለ እሄዳለሁ። ውስጡን የምታውቁ ንገሩኝ፣ እዛ የሚደረገው ምንድነው? የሚጠቅመውስ ማንን ነው?

ጋሽ_ኔፍሮ፦

ሰብለ ልጄ ሂጂ። ግን አውቀሽ ሂጂ።

ኩላሊት ነው የምሰራው፣ ስድስት ጊዜ ሄጃለሁ። መጀመሪያ የሄድኩት ያ በ1997 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምልሽ) የወጣው የሜዲኬር ክፍያ ቀመር በየዓመቱ ቅነሳ እያመጣ ሲያስጨንቀን ነው፣ ኮንግረስ 17 ጊዜ በጊዜያዊ ህግ እያስታገሰው ቆይቶ በ2015 ነው የሻረው። አስቢው፣ በየዓመቱ ያንኑ ወረቀት ይዘን ያንኑ ኮሪደር ነበር የምንመላለሰው።

አሁን ደሞ ያለው ችግር እንዲህ ነው። ሜዲኬር ለያንዳንዱ ስራ ነጥብ ይሰጣል፣ ነጥቡ በአንድ የዶላር ቁጥር ይባዛል። ቁጥሩ በ2020 36.09 ዶላር ነበር፣ በ2025 32.35 ሆነ፣ ኪራይና የሰራተኛ ደሞዝ በዛው ጊዜ የት እንደደረሰ ታውቂዋለሽ። ስለዚ ማህበሮቹ አይቀነስብን ሲሉ ውሸት አይደለም፣ ትንሽ ክሊኒክ ያለው ሐኪም በዚህ ምክንያት ቤቱን ዘግቶ ሆስፒታል ተቀጣሪ ሲሆን በአይኔ አይቻለሁ።

ግን ማንም ስልጠና ላይ አፍታቶ የማይነግርሽ ነገር አለ። ድስቱ አንድ ነው። ህጉ የነጥብ ለውጥ በዓመት ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጪ ካመጣ ያንን ከሌላው ላይ ቀንሱ ይላል። ስለዚ አንዱ ስፔሻሊቲ ሲጨመርለት የሌላው ይጎድላል። ለ2021 የቢሮ ቪዚት (ታካሚ ክሊኒክ መጥቶ ሲታይ የሚከፈለው) ክፍያ ከፍ እንዲል ሲወሰን፣ የናንተ የኢንተርኒስቶችና የፋሚሊ ሐኪሞች ማለት ነው፣ ያ የዶላር ቁጥር በ10.2 በመቶ ሊወርድ ሆነ። ቀዶ ሐኪሞቹና ራዲዮሎጂስቶቹ ተባብረው ተነሱ፣ ኮንግረስ ዲሴምበር 2020 ላይ ለሁሉም 3.75 በመቶ ጨመረና ጂ2211 የሚባለውን ኮድ እስከ 2024 አገደው። ይሄ ኮድ እኮ አንድን ታካሚ ለዓመታት ይዞ ለሚከታተል ሐኪም የሚከፈል ተጨማሪ ነበር። ሁለቱም ወገን ለታካሚ ነው የምንከራከረው ብሎ ነው የገባው፣ የሚከራከሩት ግን እርስ በርስ ነበር።

ነጥቡን ለመንግስት የሚመክረው ደሞ የአሜሪካ ሜዲካል አሶሴሽን በ1991 ያቋቋመው ሩክ የሚባል ኮሚቴ ነው። አብዛኛው ወንበር የስፔሻሊቲ ማህበራት ነው፣ መንግስትም አብዛኛውን ምክራቸውን ይቀበላል። ይሄ ነገር ሎቢ ተብሎ አይጠራም ግን ከኮንግረሱ ጉብኝት ይልቅ ብዙ ገንዘብ የሚወሰነው እዛ ክፍል ውስጥ ይመስለኛል። እዛ ደሞ ታካሚ የለም።

ሎቢ ሁሉ መጥፎ ነው እንዳትዪ ግን። የኔ ሙያ ራሱ እንጀራ የሚበላው ከሎቢ ነው። በ1971 አንድ የኩላሊት ታማሚ የታማሚዎች ማህበሩን ወክሎ የኮንግረሱ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ እዛው ወንበር ላይ ማሽኑ ተገጥሞለት ዳያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ተደረገለት፣ በ1972 ሜዲኬር የኩላሊት ድካም ያለባቸውን እድሜ ሳይለይ እንዲሸፍን ህግ ወጣ። በሱ ብቻ ወጣ አልልም፣ ግን ያ ሰውዬ ዝም ብሎ ቤቱ ቢቀመጥ ኖሮ ዛሬ የኔ ታካሚዎች ምን ይሆኑ እንደነበር ሳስብ ያመኛል።

ኮሪደሩን_አውቀዋለሁ፦

እኔ በሌላኛው ወንበር የተቀመጥኩ ሰው ነኝ፣ አንድ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ቢሮ ውስጥ የጤና ጉዳይ የሚይዘው ስታፍ ነበርኩ። ዶክተር ሰብለ መጀመሪያ ይሄን ያዢ፣ የኮንግረስ አባሉን ላታገኚው ትችያለሽ፣ የምታገኚው እንደኔ ያለ 26 ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ነው፣ ጤናን ከእርሻና ከትምህርት ጋር ደርቦ የያዘ። አትናቂው፣ ለአለቃው የሚጽፈው እሱ ነው። 15 ወይ 20 ደቂቃ ነው ያለሽ፣ ስብሰባ ክፍሉ ከተያዘ ደሞ ኮሪደር ላይ ቆማችሁ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት የአይን ሐኪሞች (ኦፍታልሞሎጂስቶቹ) መጥተው ኦፕቶሜትሪስት (አይን መርምሮ መነጽር የሚያዝ፣ ሐኪም ያልሆነ ባለሙያ) ሌዘር እንዳይነካ አሉኝ፣ ከሰአት ኦፕቶሜትሪስቶቹ መጥተው ሐኪም በሌለበት ገጠር ማን ያክም አሉኝ፣ ሁለቱም የሚያብረቀርቅ ፎልደር ትተውልኝ ሄዱ። እሱ ነገር በየስቴቱ ነው የሚወሰነው እኮ፣ ኦክላሆማ በ1998 ፈቅዳለች፣ እኔ ጋ ምን እንደሚሰራ አሁንም አይገባኝም። ፎልደሮቹ አንድ ሳምንት ጠረጴዛዬ ላይ ከርመው ተጣሉ።

ያልጣልኩት የአንዲት የካንሰር ሐኪም ወረቀት ነው። ስለ አንድ ታካሚ ብቻ ከኢንሹራንስ ጋር የተላላኩትን ፋክስ በሙሉ፣ ስሙን በጥቁር ማርከር አጥፍታ፣ በቀን በቀን ደርድራ በክላሰር ይዛ መጣች። ምንም አላለችም፣ ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ግለጠው አለችኝ። የመጀመሪያው ገጽና የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለውን ቀን ሳይ ለአለቃዬ ምን እንደምል ገባኝ። እንደዛ አይነት ሰው በዓመት አንድ ሁለት ቢመጣ ነው፣ ሌላው የተሰጠውን ወረቀት ነው የሚያነብልሽ።

ስለ ፕራየር ኦተራይዜሽን እውነቱን ልንገርሽ። ለሜዲኬር አድቫንቴጅ (በግል ኢንሹራንስ በኩል የሚሰጥ ሜዲኬር) ታካሚዎች የሚሆነው ህግ በ2022 በተወካዮች ምክር ቤት አልፎ ነበር፣ ሴኔት ላይ ቆመ፣ ምክንያቱም የኮንግረሱ የበጀት ቢሮ በ10 ዓመት 16 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ያስወጣል ብሎ ገመተ። ትርጉሙን አየሽው? ፈቃዱ ሲቀል ሰው ብዙ ይታከማል፣ ያ ወጪ ነው ተባለ። ግን ማህበሮቹ አልተቀመጡም፣ ጥያቄውን ሜዲኬርን ወደሚያስተዳድረው መስሪያ ቤት ይዘው ሄዱ፣ ጃንዋሪ 2024 ደንብ ወጣና ከ2026 ጀምሮ ለብዙዎቹ የመንግስት ፕላኖች መልሱ በ7 ቀን፣ አስቸኳይ ሲሆን በ72 ሰአት እንዲሰጥ ሆነ። መድሃኒት ግን እዛ ደንብ ውስጥ የለም። ስለዚ ያንቺ ታካሚ ጉዳይ ገና አልተነካም፣ ሄደሽ ልትነግሪያቸው የሚገባው እሱን ነው።

ፓኩን በተመለከተ፣ ጄ1 ላይ ስለሆንሽ ማዋጣት በህግ አይፈቀድልሽም፣ ዜጋ ወይ ግሪን ካርድ ያለው ነው የሚችለው፣ ሊንኩን ዝለይው። ሄዶ መናገር ግን መብትሽ ነው፣ የሆስፒታልሽን ስም ወክለሽ አትናገሪ እንጂ። ገንዘብ ይገዛል ወይ ብለሽ ካሰብሽ፣ እኔ ባለሁበት ቢሮ ድምጽ በገንዘብ ሲሸጥ አላየሁም። አንድ ፓክ ለአንድ እጩ በአንድ ምርጫ ከ5,000 ዶላር በላይ መስጠት አይችልም፣ እኔም ሎቢስት ምሳ ቢጋብዘኝ ደንቡ አይፈቅድልኝም። ግን ዋሽቼ ምን አገኛለሁ፣ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ቁርስ ላይ ከአለቃዬ ጋር የተቀመጠ ሰው ስልኩ ይነሳለታል፣ ገጠር ያለ ክሊኒክ ያለው ሐኪም ግን መልእክት ትቶ ነው የሚጠብቀው። ይሄ ነገር ያኔም ይከነክነኝ ነበር፣ አሁንም ይከነክነኛል።

ከመሄድሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። በ1995ቱ የሎቢ ማሳወቂያ ህግ መሰረት ማህበርሽ በየ3 ወሩ በምን ጉዳይ ሎቢ እንዳደረገና ስንት እንዳወጣ ያስመዘግባል፣ ለህዝብ ክፍት ነው፣ ገብተሽ አንብቢው። ላንቺ የሰጡሽ ሁለት ጥያቄ ነው፣ እዛ ላይ ግን ሌላም ታገኚ ይሆናል።

ነርስ_ትዕግስት፦

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል ግን ስለ እኛ ማንም አላነሳም። ነርስ ፕራክቲሽነር ነኝ፣ ተጨማሪ ተምሬ ታካሚ የምመረምርና መድሃኒት የማዝ ነርስ ማለት ነው። በስቴታችን ያለ ሐኪም ፊርማ በራሳችን እንድንሰራ የሚፈቅድ ህግ ሲቀርብ ለመመስከር ሄጄ 6 ሰአት ተቀምጬ 2 ደቂቃ ነው የተሰጠኝ። ከኔ በፊት የሐኪሞች ማህበራት አንድ በአንድ እየተነሱ የታካሚ ደህንነት አሉ። እኔ የምሰራበት አውራጃ አንድም የፋሚሊ ሐኪም የለም እኮ! ፊርማ የሚያኖርልኝ ሐኪም 2 ሰአት መንገድ ርቆ ነው ያለው፣ ታካሚዎቼን አንዱንም አይቶ አያውቅም፣ ለፊርማው ግን በየወሩ ይከፈለዋል። አሁን ከግማሽ በላይ ስቴቶች ፈቅደውታል፣ የኛ አልፈቀደም።

ሰብለዬ የምለምንሽ፣ ስልጠናው ላይ ለታካሚ ነው ሲሉሽ እጅሽን አውጥተሽ የትኛው ታካሚ ብለሽ ጠይቂ። ሐኪሞች ለታካሚ አያስቡም እያልኩ አይደለም፣ የልብ ድካም ታካሚሽን ታሪክ ሳነብ አልቅሻለሁ። ግን የሱን ታሪክ ይዘሽ ገብተሽ እሱን ለማይነካ ህግ እንዳይጠቀሙበት።

ሰብለ_ሬዚደንት፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ጋሼ የድስቱ ነገር ሌሊት እንቅልፍ ነው የነሳኝ። አንድ ነገር ልጨምር፣ ቲቪ ላይ ድሮ ስለ ሰርፕራይዝ ቢል (ታካሚው ሳያስበው ከኢንሹራንሱ ውጪ ካለ ሐኪም የሚመጣበት ሂሳብ) ሐኪሞች ያወጡት የሚመስል ማስታወቂያ አይቼ ነበር፣ እሱም እንዲሁ የማህበራት ስራ ነበር?

ጋሽ_ኔፍሮ፦

እሱ ሌላ ነው ልጄ፣ ለይተሽ እዪው። በ2019 ዶክተር ፔሸንት ዩኒቲ የሚባል ቡድን ከ28 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለማስታወቂያ አፈሰሰ፣ ስሙን ስትሰሚው ሐኪምና ታካሚ የተባበሩ ይመስላል፣ ኋላ ላይ ኒው ዮርክ ታይምስ ሲያጣራ ዋናዎቹ ገንዘብ ሰጪዎች ቲምሄልዝና ኤንቪዥን ሆኑ፣ የኢንቨስትመንት ድርጅቶች የያዟቸው የሐኪም ቀጣሪ ኩባንያዎች። በስማችን ነው የተነገደው፣ እስካሁን ያናድደኛል።

የድንገተኛና የማደንዘዣ ሐኪሞች ማህበራት ደሞ በግልጽ በራሳቸው ስም ነው የተከራከሩት፣ ኢንሹራንሱ ዋጋ አይቁረጥብን ገላጋይ ይኑር ብለው። ኖ ሰርፕራይዝስ አክት ዲሴምበር 2020 ሲያልፍ ገላጋዩ ገባላቸው፣ ከጃንዋሪ 1 2022 ጀምሮ ታካሚው ከጠቡ ወጣ። ገላጋዩ እንዴት ይዳኝ በሚለው ላይ ግን የቴክሳስ ሜዲካል አሶሴሽን መንግስትን ከሶ ረታ። ህግ ከወጣ በኋላም ስራው እንደሚቀጥል እዪ፣ ደንብ ላይ፣ ከዛ ፍርድ ቤት።

ሰብለ_ሬዚደንት፦

እሺ ወስኛለሁ፣ እሄዳለሁ። የማህበሩን ሪፖርት ትናንት ማታ ከፍቼ አነበብኩት፣ ነርሶች እንዳይፈቀድላቸው የሚልም አገኘሁበት፣ ትዕግስትዬ ያልሽው እውነት ነው፣ እሱን አስተባባሪዋን በኢሜል ጠይቄያታለሁ፣ መልስ እየጠበቅኩ ነው። ታካሚዬን ታሪክህን ልናገር ወይ ብዬ ስጠይቀው ስሜንም ንገሪያቸው አለኝ፣ ስሙን ግን አልናገርም። የ9 ቀኑን የስልክ ሰአት ከቻርቱ ላይ አንድ በአንድ እያወጣሁ ነው።

ኮሪደሩን_አውቀዋለሁ፦

በአንድ ገጽ አድርጊው፣ ቀኑ በግራ የሆነው ነገር በቀኝ። ያ ልጅ የማታውቂውን ጥያቄ ከጠየቀሽ አጣርቼ እልክልሃለሁ በዪውና በዛው ማታ ሆቴል ሳትተኚ ላኪለት። ከመጡልኝ ሐኪሞች እልካለሁ ብለው የላኩልኝ ሦስት ብቻ ናቸው፣ ሦስቱንም ህጉ ሲረቀቅ እኔ ነኝ የደወልኩላቸው።