«ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ»፦ ፍርድ ቤት ሲገባ ስንት ዓመት ይሆናል?

ቃል ለቃሚ፦ ለገጣፎና ሱሉልታ አካባቢ በሚጻፉ የመሬት ክሶች ላይ ይህ ተረት አይጠፋም። ጊዜ ርስትን አይሽርም ማለት ነው አይደል? «ርስቴ»፣ «ይዞታዬ»፣ «ባለቤትነቴ» የሚሉትም በአንድ ገጽ ላይ ተቀላቅለው ይጻፋሉ። የምታውቁ አስረዱን።

ራፖር ጸሐፊው፦ ተረቱን በትክክል ተረድተውታል። ርስቱ ግን በአዋጅ ቁጥር 31/1967 ቀርቷል፤ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ስለዚህ «የመሬቱ ባለቤትነት ይረጋገጥልኝ» ያለ ሰው ዳኛው የማይሰጠውን ጠይቋል። ባለቤትነት ለቤቱና ለባሕር ዛፉ ነው፤ ለመሬቱ «የይዞታ መብቴ» ይባል።

መዝገብ የሚበላሸው «ይዞታ» ሁለት መልክ ስላለው ነው። በመሬት አዋጆች የመጠቀምና የማውረስ መብት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1140 ግን ነገሩን በእጅ አድርጎ ማዘዝ ብቻ ነው። ጎረቤት አጥር ገፍቶ ከገባ «ሁከት ይወገድልኝ» የሚባለው በዚህኛው ነው፤ ቁጥር 1149 የሚሰጠው 2 ዓመት ብቻ ነው። ሺህ ዓመቱ እዚህ ጋ ያልቃል! የሚጣራው ያጠረውና ያረሰው ማን ነበር የሚለው ስለሆነ የአያትን የግብር ደረሰኝ መደርደር መዝገብ ያወፍራል እንጂ ብዙ አይረዳም። ተከሳሹ ግን ለድርጊቱ መብት እንዳለው ወዲያውኑና በማያጠራጥር ማስረጃ ካሳየ ክሱ ይወድቃል።

ቃል ለቃሚ፦ የወራሽነት ማስረጃ የያዘ ሰውስ?

ራፖር ጸሐፊው፦ ያ ወረቀት የሟች ወራሽ ማን እንደሆነ ይናገራል፤ መሬቱ የሟች እንደነበር አይናገርም። እሱን ብቻ ይዞ የሄደ ባዶ እጁን ይመለሳል። ከጎኑ የይዞታ ደብተር ወይም ካርታ፣ በሟች ስም የተከፈለ የመሬት ግብር፣ የአዋሳኞች ምስክርነት ያስፈልጋል።

ነገረ ሕግ፦ ተረቱ ከሕጉ ፈጽሞ አልጠፋም። ወራሽ ሳይሆን እንደ ወራሽ ንብረት በያዘ ሰው ላይ የሚቀርበው ክስ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1000 መሠረት መብቱንና የንብረቱን መያዝ ካወቁ በ3 ዓመት ውስጥ ነው፤ ከዚያ ሌላ የ15 ዓመት ጣሪያ አለው። ንኡስ ቁጥር 2 ግን ከ15 ዓመቱ «የዘር ርስት»ን ለይቶ ያወጣል። ተረቱን ጠቅሰው ለመከራከር የሚፈልጉ የሚይዙት ክር ይቺ ናት፤ ቀጭን ናት። ሕጉ የ1952 ነው፣ መሬቱ ደግሞ ከ1967 ወዲህ ርስት መባሉ ቀርቷል። ወራሽ ነኝ ከማይል ባዕድ ባለጋራ ጋር ደግሞ ቁጥር 1000 አይጠቀስም።

ራፖር ጸሐፊው፦ «አዋሳኝ» የሚለውንም ልጨምር። አራቱ አቅጣጫ በሰው ስም ብቻ ሲጻፍ ጎረቤቱ ሞቶ ወይም ለቆ ይገኝና ፍርዱ ሲፈጸም ቦታው ይጠፋል። መንገድ፣ ወንዝ፣ ካለ የካርታ ቁጥር፣ ስፋቱ በካሬ ሜትር ይጻፍ። ክሱ የሚከፈተው መሬቱ ባለበት ነው፤ ቡራዩ፣ ሰበታ ወይም ሱሉልታ ከሆነ ለኦሮሚያ ፍርድ ቤት፣ በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ። በክርክሩ መሐል መሬቱ ወደ ሦስተኛ ወገን እንዳይተላለፍ «እግድ» ከክሱ ጋር አብሮ ይጠየቅ።