ወገቤም ማጅራቴም እምቢ ብሎኝ ላፕቶፕ ላይ እንዴት ልስራ? ልምድ ያላችሁ በናታችሁ

ብርዳሟ፦
ሰላም ናችሁ የሰሜን ሸዋ ልጆች። ደብረ ብርሃን ነው ያለሁት፣ የማስተርስ ቴሲሴን በአማርኛ እየጻፍኩ ነው ግን ከላፕቶፑ ጋር ተኳርፈናል። የወገብና የማጅራት ህመሜ አዲስ አይደለም፣ ዓመታት አልፎታል፣ ኤምአርአይም ተነስቼ ያን ያህል የሚያሰጋ ነገር የለም ተብያለሁ፣ መድሃኒቱም ፊዚዮቴራፒውም ያስታግሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ እባካችሁ "እገሌ ጋ ሂጂ ድራሹን ያጠፋልሻል" የሚል ኮመንት ይቅርብኝ። እኔ የምፈልገው እያመመኝም እንዴት እንደምሰራ ነው።

የተከራየሁት አንድ ክፍል ነው፣ ጠረጴዛ የለኝም፣ አልጋ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ላፕቶፑን ብርድ ልብስ ላይ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው፣ እውነት ለመናገር ጭኔ ላይ የማደርገው ስለሚያሞቀኝም ነው፣ ህዳርና ታህሳስ የዚህን ከተማ ጠዋት የምታውቁት ታውቁታላችሁ ጣት ደርቆ አልታዘዝም ይላል። ትንሽ እንደጻፍኩ ማጅራቴን ይይዘኛል ከዛ ወደ ትከሻዬ ይወርዳል፣ እሺ ቀጥ ብዬ ልቀመጥ ስል ደግሞ ወገቤ ይነሳል። ዩቲዩብ ላይ የሚያሳዩት ወንበር የኔ አቅም አይደለም። በዛ ላይ መብራት ካለ ሳይጠፋ ልጨርስ ብዬ እሽቀዳደማለሁ፣ በማግስቱ ከአልጋ አልነሳም።

ቆለኛው፦
እኔ ሸዋ ሮቢት ነኝ እዚህ ደግሞ ላፕቶፑን ጭንህ ላይ ብታደርገው አብራችሁ ነው የምትቀቀሉት። ኮምፒውተር ጥገና ነው ስራዬ።

እህቴ ችግሩ አንቺ ጋ ብቻ አይደለም የላፕቶፑ አሰራር ነው። ስክሪኑና ኪቦርዱ የተጣበቀ ስለሆነ እጅሽ እንዲመቸው ዝቅ ካደረግሽው አንገትሽ ይደፋል፣ አንገትሽ እንዲመቸው ከፍ ካደረግሽው ደግሞ ክንድሽ ይንጠለጠላል፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አታገኚም። መፍትሄው ማለያየት ነው። ተራ ባለገመድ ኪቦርድና ማውስ ግዢ፣ ያገለገለም ይሆናል፣ ከዛ ላፕቶፑን የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ አይንሽ ትይዩ እስኪደርስ ከፍ አድርጊው፣ ርቀቱ እጅሽን ስትዘረጊ ጣትሽ ስክሪኑን የሚነካበት ያህል ይሁን። ኪቦርዱ ደግሞ ክርንሽ ጎንሽ ላይ አርፎ፣ አንጓሽ ሳይታጠፍ የሚደርስበት ቦታ። ውድ ወንበር ከመግዛት ይሄኛው ይቀድማል ባይ ነኝ።

ሌላው ፊደሉን አተልቂው። ኮንትሮል ተጭነሽ የማውሱን ጎማ ማሽከርከር ነው፣ ገጹ ይተልቃል። ብዙ ሰው አንገቱን የሚያሰግገው ጽሁፉ ስላነሰው ነው፣ ሳያውቀው ወደ ስክሪኑ ይሄዳል።

ብርድ ልብስ ላይ አድርገሽ መስራቱን ግን ተይው። አየር የሚያስገባበት ከስሩ ነው፣ ብርድ ልብሱ ይደፍነዋል፣ ማሽኑ ግሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል ማራገቢያውም ይጮሃል። ቆዳሽም ቢሆን በየቀኑ ለብ ያለ ሙቀት አንድ ቦታ ላይ ሲያርፍበት እንደ መረብ ያለ ቡናማ ምልክት ያወጣል፣ ሳያቃጥል ነው የሚያበላሸው።

የመንዟ፦
ሰላም ብርዳሟ፣ አይዞሽ የኔ እህት። እኔ መሃል ሜዳ ነኝ ካንቺም ብርድ የባስኩ፣ የመገጣጠሚያ ሪህ አለብኝ፣ የቢሮ ስራዬ በሙሉ ላፕቶፕ ላይ ነው። ቆለኛው ያለው ልክ ነው ግን ይሄ "ትክክለኛ አቀማመጥ" የሚሉት ነገር የኛን አይነት ሰው አንዳንዴ ያሰቃያል። ቀጥ ብሎ መቀመጥ ለጤነኛ ሰው ነው፣ እኔ ቀጥ ብዬ ብቆይ ማታ የሚያነሳኝ ሰው ያስፈልገኛል። ለኔ የሰራው አንድ ቦታ አለመክረም ነው፣ ትንሽ ወንበር ላይ፣ ትንሽ ቆሜ፣ ትንሽ ደግሞ ጎኔ ላይ ተኝቼ ጉልበቴ መሃል ትራስ አድርጌ። አልጋ ላይ መስራት ነውር አይደለም፣ ነውሩ ሙሉ ቀን እዛው መቅረት ነው።

ስለ መብራቱ ያልሽው ደግሞ አንጀቴን በላው ምክንያቱም ዋናው በሽታ እሱ ነው። ደህና በሆንሽበት ቀን ትሮጫለሽ፣ ከዛ ትወድቂያለሽ፣ ተነስተሽ ያመለጠሽን ለማካካስ ደግሞ ትሮጫለሽ። ማቆም ያለብሽ ሲያምሽ ሳይሆን ሰዓቱ ሲደርስ ነው። ሳያምሽ 20 ደቂቃ የምትችይ ከሆነ 15ቱ ላይ ስልክሽ ይጩህና ተነሺ፣ አረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ብትሆኚም። መጀመሪያ ያናድዳል። ሳምንቱ ሲያልቅ ግን የተጻፈው ገጽ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ለመብራቱ ባትሪሽን ሙሉ አድርገሽ ያዢ፣ የስክሪኑን ብርሃን ቀንሺ፣ የማትጠቀሚበትን ሁሉ ዝጊ፣ መሮጥሽን ይቀንስልሻል።

ለብርዱ ደግሞ ሃይላንድ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ሞልተሽ (የፈላ አይደለም ላስቲኩ ይጨማደዳል) በጨርቅ ጠቅልለሽ እቅፍ አድርጊው፣ ከመጻፍሽ በፊት እጅሽን እዛ ላይ አሙቂ። ጣቱ የተቆረጠ ጓንት ካለሽ እሱም ጥሩ ነው፣ እግርሽ ላይ የመንዝ ባና ጣል። ከሰል አቀጣጥለሽ በር ዘግተሽ እንዳትሰሪ ብቻ አደራ፣ ሽታ የሌለው ጋዝ ነው የሚገድለው፣ በየክረምቱ የምንሰማው ነው።

አባ_ግርግር፦
ኧረ ተዉ እቴ እናቶቻችን እንስራ ተሸክመው ዳገት ሲወጡ ወገባቸውን አላማቸውም ይሄ የዘመን ስንፍና ነው ስፖርት ስሪ ጠበል ተጠመቂ

የመንዟ፦
አባ ግርግር፣ እናቶቻችን አላመማቸውም ያለህ ማነው? ዝም ስላሉ ነው እንጂ። ጠበሉንም ትጠመቅ፣ ማን ከለከላት፣ የጠየቀችው ግን ኪቦርድ ነው።

የደብር_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኔ ላፕቶፕ ማንሻ የሚሉትን ከሱቅ ፈልጌ ዋጋውን ስሰማ ተውኩትና ቤት ያለውን አትሮኖስ አወጣሁ፣ ዳዊት የምደግምበትን። አትቆጡኝ አልተባረከም፣ አናጢ የሰራልኝ ተራ ነው። ዘንበል ያለ ነው፣ መሃሉ ክፍት ስለሆነ አየር ያገኛል፣ ታጥፎ ይቀመጣል፣ አልጋ ላይም ወንበር ላይም ይሆናል። ሁሉም ግን ላፕቶፕ አይሸከምም፣ ትንንሾቹ ይወላገዳሉ፣ ለአናጢ የላፕቶፑን ስፋት ነግረሽ ከታች ጠርዝ እንዲያወጣለት ካደረግሽ አይንሸራተትም። እሱም ከሌለ የቢራ ሳጥን ገልብጠሽ ጣውላ ጣል አድርጊበት። እግርሽ መሬት ካልደረሰ ከስሩ ጡብ አድርጊ፣ እግር ሲንጠለጠል ወገብ ነው የሚከፍለው። ወገብሽ ጋ ደግሞ ጋቢ ጠቅልለሽ ሸጉጪ።

ቆሞ መስራትም ይቻላል የምንል አለን ግን እኛ ማህሌት ቆመን የምናድር ሰዎች እንኳን መቋሚያ አለን፣ ዝም ብሎ መገተር ሌላ ህመም ነው፣ ስለዚህ የመንዟ እንዳለችው ቀያይሪው።

ፊዚዮ፦
ፊዚዮቴራፒ ነው የምሰራው፣ ብዙ ስለተባለ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ከ3 ወር በላይ የቆየ ህመም ሁልጊዜ "የሆነ ነገር እየተበላሸ ነው" ማለት አይደለም፣ ነርቩ ራሱ ማስጠንቀቂያውን ቶሎ ቶሎ መደወል ይለምዳል፣ ኤምአርአዩ ላይ ብዙ ነገር ያልታየውም ለዚህ ሊሆን ይችላል፣ ህመሙ ግን እውነተኛ ነው ማንም ፈጠራ ነው እንዳይልሽ። ስለዚህ ቀስ እያሉ መንቀሳቀስ አይጎዳሽም፣ በእረፍትሽ ግቢው ውስጥ ዞር ዞር በይ። ነገር ግን እግርሽ በድንገት ከደከመ፣ መቀመጫሽና ብልትሽ አካባቢ ከደነዘዘ ወይ ሽንት መያዝ ወይ መሽናት ካስቸገረሽ ፎረም ላይ አትጻፊ፣ የዛኑ ቀን ሆስፒታል ሂጂ።

ብርዳሟ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ዛሬ ጋቢውን ሸጉጬ መዝገበ ቃላትና ካርቶን ደራርቤ ሞከርኩት፣ ማጅራቴ ትንሽ ለቀቅ ብሎኛል። ግን የኪቦርዱ ጉዳይ ጣቴንም ያመኛል፣ አማርኛ ሲጻፍ እኮ አንዱ ፊደል ሁለት ጊዜ መጫን ነው። ሳልተይብ በድምጽ መጻፍ ይቻላል የሚባለው ለአማርኛም ይሰራል እንዴ?

ቆለኛው፦
ይሰራል። ጎግል ዶክስን በክሮም ክፈቺ፣ ቱልስ የሚለው ውስጥ በድምጽ መጻፊያው አለ፣ ቋንቋውን አማርኛ አድርጊና ማይኩን ነክተሽ ተናገሪ። ስልክሽ ላይም ጂቦርድ (የጎግል ኪቦርድ) ካለ ማይኩን ተጭኖ ማውራት ነው፣ ያው ዶክስ በሁለቱም ስለሚከፈት ተኝተሽ በስልክ ያወራሽውን በኋላ ላፕቶፑ ላይ ታርሚዋለሽ። ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ አራት ነጥብ አያስገባልሽም፣ የሰውና የቦታ ስም ያበላሻል፣ እኔ ጣርማ በር ብዬው የጻፈውን ባሳይሽ ትስቂ ነበር። ለመጀመሪያ ረቂቅ ግን በቂ ነው፣ ጣትሽን ለእርማቱ ታቆይዋለሽ። ሺፍትን ከሌላ ቁልፍ ጋር አብሮ መያዝ የሚያስቸግርሽ ከሆነ ደግሞ ሺፍትን 5 ጊዜ ተጫኚው፣ የሚመጣውን ጥያቄ እሺ በይው፣ ከዛ በኋላ ተራ በተራ መጫን ትችያለሽ።

ብርዳሟ፦
ይሄን ማን ነገረኝ እስከዛሬ! በሉ አሁን ደብረ ብርሃን ውስጥ ያገለገለ ኪቦርድ የሚሸጥ ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

የደብር_ልጅ፦
እኔ ጋ አንድ አለ፣ ስፔሱ ትንሽ ጠንከር ይላል እንጂ ይሰራል። ገንዘብ አልፈልግም፣ ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ይዤልሽ እመጣለሁ፣ የላፕቶፑን ስፋትም ለክተሽ ነይ አናጢው እዛው አጠገብ ነው።