ፍሬሽ ፕሪንስ፦ ለታናሽ ወንድሜ የትኞቹን ክፍሎች ላስጭንለት?

የአጂፕ ልጅ
ሰላም ቤተሰብ። ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ ከአጋሮ መጥቶ ጅማ እኔ ጋ ሆኖ እየተማረ ነው። ዊል ስሚዝን የሚያውቀው በአክሽን ፊልም ብቻ ነው፣ "ፍሬሽ ፕሪንስ ኦፍ ቤል ኤር"ን አንድም ቀን አላየም! ስሚዝ ዊል የሚባል ልጅ ሆኖ ሀብታም አጎቱ ቤት ሄዶ የሚኖርበት ተከታታይ ኮሜዲ ነው፤ ከ1990 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. የታየ፣ 6 ሲዝን፣ 148 ክፍል። ያለኝ ፍላሽ ደግሞ 8 ጊጋ ነው፣ መርካቶ የሚጭንልኝ ልጅ ሁሉንም አይችልም አለኝ። አባታችን ከሄደ ወዲህ ወንድሜ ያደገው አጎታችን ቤት ስለሆነ ታሪኩ የራሱ ይመስለዋል ብዬ ነው። የማትረሱትን ንገሩኝ።

የሂርማታዋ
የ4ኛው ሲዝን የአባቱ ክፍል ከሌለ ምኑን ጫንከው? ዊልን ጥሎት የሄደው አባቱ ሉ ከ14 ዓመት በኋላ ብቅ ይላል። የከባድ መኪና ሾፌር ነው፣ ክረምቱን አብረን እንዞራለን ይለዋል። ዊል ሻንጣውን ሸክፎ፣ ልጁን ያቀፈ አባት የሚያሳይ ትንሽ ቅርጽ ስጦታ ገዝቶ ሲጠብቅ ሰውየው ድጋሚ ጥሎት ይሄዳል። ዊል መጀመሪያ ምንም ያልመሰለው ይመስላል፤ መኪና መንዳቱንም ጢም መላጨቱንም ያለ እሱ ተማርኩ እያለ ይጮሃል። ከዚያ ድምፁ ይሰበርና አባቱ ለምን እንዳልፈለገው አጎቱን አንክል ፊልን ይጠይቀዋል። አንክል ፊል አንዲት ቃል አይመልስም። ጎትቶ ሲያቅፈው የዊል ኮፍያ ይወድቃል፣ መጨረሻ ላይ የምትታየው ያቺ ቅርጽ ናት። ስንቴ አይቼው አሁንም እንባዬ ይመጣል።

ፈረንጅ አራዳ
እህቴ ልክ ነሽ። ግን ፌስቡክ ላይ የሚዞረውን አትመኑ፣ ዊል ስሚዝን የራሱ አባት ስለጣለው ነው ከስክሪፕት ወጥቶ ያለቀሰው የሚሉት ውሸት ነው። ስሚዝ ያደገው ፊላደልፊያ አባቱን እያወቀ ነው። እንደዚያ እንዲተውን የገፋው አንክል ፊልን የተጫወተው ጄምስ አቬሪ ነው፣ ይህን ስሚዝ ራሱ ተናግሯል። አቬሪ በ2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲሞት ዘመድ የሞተብኝ ያህል ነው ያዘንኩት።

ከ1ኛው ሲዝን ዊልና የአንክል ፊል ልጅ ካርልተን በሰው መርሴዲስ ሲሄዱ ፖሊስ የሚይዛቸውን ጨምርለት። ከ5ኛው ደግሞ ኤቲኤም ጋ ዊል በጥይት የሚመታበትን። ያ ሲጨፍር የምናውቀው ካርልተን ሽጉጥ ይዞ ሆስፒታል ይመጣል፤ ዊል አልጋ ላይ ሆኖ ለምኖ ይቀበለዋል፣ ብቻውን ሲቀር ጥይቶቹን አውጥቶ ያለቅሳል። ኮሜዲ ነው ብለህ ተቀምጠህ ነው እንግዲህ!

እናት ነኝ
ልጄ፣ የአባቱን ክፍል ብቻውን እንዳያየው። አጠገቡ ሁን። የመጨረሻውንም አስጭንለት፣ የአንክል ፊል ቤት ተሸጦ ዊል ባዶው ሳሎን ውስጥ ቆሞ መብራት የሚያጠፋበትን። እዚያ ላይ አንክል ፊል ልጄ ነህ ይለዋል።

የአጂፕ ልጅ
እሺ እናቴ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ከሥራ ስወጣ አስጭናለሁ። ቅዳሜ አጎታችን ከአጋሮ ይመጣል፣ የአባቱን ክፍል እሱ ባለበት ሦስታችን እናየዋለን።